ፒያሳ አካባቢ ጥሩ ቡና የት ይጠጣል?

ለጉዳይ ፒያሳ የሚመጡ ወዳጆቼ ጥሩ ቡና የት እንደሚጠጣ ሲጠይቁኝ፣ የቤት ስም ከመጥራቴ በፊት ቡናው መቼ እንደተቆላ በግልጽ የሚታወቅበትን ቤት እንዲፈልጉ እነግራቸዋለሁ። የተቆላ ቡና ውሎ ሲያድር መዓዛው ይቀንሳል፤ ከተፈጨ በኋላማ ይባስ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ከቤቱ ጌጥና ከወንበሩ ምቾት ይልቅ ራሱ የሚቆላውን፣ ደንበኛውም የማይቋረጠውን ቤት አስቀድማለሁ።

በማሽን ለሚፈላ ቡና ምርጫዬ ከቸርችል ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ የሚገኘው ቶሞካ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 የተከፈተው ይህ ቤት የጣሊያኖችን የአፈላል ልማድ ይዞ የቆየ ሲሆን፣ ቡናው ጠቆር ተደርጎ የተቆላ፣ ወፍራምና መራራነቱ ጎላ ያለ ነው። ደንበኛው ከፍ ባሉት ጠረጴዛዎች ዙሪያ ቆሞ ይጠጣል፤ ረጅም ጨዋታ የሚፈልግ ሰው ላይመቸው ቢችልም፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ እንዲጠጣ ግን ይረዳል። ብዙ ሰው ማኪያቶ ያዝዛል፤ እኔ ደግሞ አንድን ቤት ለመመዘን ወተት የሌለበትን እመርጣለሁ። ረቡዕና ዓርብ፣ ጾመኛው ሁሉ ጥቁር ቡና በሚያዝዝበት ቀን፣ የየቤቱ ልክ በደንብ ይታወቃል።

የጀበና ቡና ሌላ ዓይን ይጠይቃል። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ፣ በየደጃፉ ረከቦት ዘርግተው ያፈሉ የነበሩ እናቶች ከነዋሪው ጋር ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። ይህን እንደ ትልቅ ጉዳት እቆጥረዋለሁ፤ ምክንያቱም የሰፈሩ የቡና ሙያ በአብዛኛው በእነርሱ እጅ ነበር። አሁን ወደ አራት ኪሎ ሲኬድ በየሕንፃው ሥር የጀበና ቡና የሚያፈሉ አሉ፣ ሁሉም ግን እኩል አይደሉም። ብረት ምጣዱ ተጥዶ፣ ቡናው እየታመሰ ከደረሳችሁ ጠብቁ። ፍሬው ሳይከስል እኩል መቅላቱን፣ ወዲያው መወቀጡን ወይም መፈጨቱን፣ ጀበናው ከወረደ በኋላም ማቶቱ ላይ ተቀምጦ አተላው እስኪዘቅጥ ጊዜ ማግኘቱን ተመልከቱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ቡናውን የሚያመርረው እንግዲህ የውኃው ግለት ሳይሆን ጀበናው ከሰል ላይ ተረስቶ መዋሉ ነው። ተፈልቶ በፔርሙስ የዋለ ቡና በበኩሌ አልጠጣም። የቡናው ጢስ ገና ሳይሸት እጣን የሚያጨሱበትን ቤትም እጠራጠራለሁ፤ እጣን ቡናውን ያጅባል እንጂ ሊሸፍነው አይገባም።

ቡናው ከየት እንደመጣ መጠየቅም ነውር የለበትም። ለብዙ ዓመታት ለውጭ ገበያ ደረጃውን ያሟላ ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕግ ይከለክል ስለነበር፣ እኛ ዘንድ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ የተረፈው ነበር። ቡና አምራች በሆነ አገር ጠጪው የተጣለውን ለመልመድ መገደዱ ዛሬም ያሳዝነኛል። ስለዚህም ለጥሬው ተጨንቆ ሲዳማ ወይም ይርጋጨፌ ብሎ ለይቶ የሚገዛ ባለቤት፣ ሲኒው ላይ ጥቂት ብር ቢጨምር አልከፋም። በፀሐይ የደረቀው የሐረር ቡና ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ከባድ ጣዕም ሲኖረው፣ የታጠበው ይርጋጨፌ ቀለል ያለና የአበባ ሽታ ያለው ነው፤ ሁለቱን በተለያየ ቀን ቀምሶ መለየት ይቻላል።

ወደ ቤት ይዛችሁ መሄድ ከፈለጋችሁ ደግሞ የተቆላውን ሳይፈጭ፣ ለሳምንት የሚበቃችሁን ያህል ብቻ ግዙ። ማስፈጨት ግድ ከሆነባችሁም ለጀበና ወይም ለማሽን መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የሁለቱ አፈጫጨት ይለያያል።