የደቻቱ ጎርፍ ባለቤት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ባለች አንዲት ስቱዲዮ በቪዲዮ ኤዲተርነት እሠራለሁ። እንጀራችን ሠርግና ምርቃት ነው። በተረፈን ጊዜ ስለ ከተማችን አጫጭር ቪዲዮ እየሠራን ዩቲዩብ ላይ እንጭናለን፤ የድሮውን ባቡር ጣቢያ፣ የቀፊራን ገበያ፣ የመሳሰለውን። ብዙ ተመልካች የለንም። ካለንም አብዛኛው ውጭ አገር ያለ የድሬ ልጅ ይመስለኛል። ኮመንቱ ሁሉ "አቦ ናፈቀኝ" ነው።

አንድ ክረምት ላይ ደቻቱ መጣ። ለማያውቀው ልንገር። ደቻቱ ከዚራንና መጋላን የሚለይ ወንዝ ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የለውም፣ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ዕቃ ዘርግቶ ይሸጥበታል። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ላይ ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ድንገት ይደርሳል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው በልቷል። ስለዚህ "ወንዙ መጣ" ከተባለ እዚህ ማንም አይቀልድም።

ካሜራማናችን ለአንድ ሠርግ መግቢያ የሚሆን የከተማ ምስል ሊቀርጽ ድልድዩ ጋ ቆሞ ነበር። አሸዋውን እየቀረጸ እያለ ጎርፉ ደረሰ። ልጁ ካሜራውን አላጠፋም። "አቦ ውጡ! ውጡ ከዚያ!" እያለ ይጮሃል፣ እጁ ግን አይንቀጠቀጥም። ደግነቱ የዚያን ቀን ሰው አልተጎዳም። ቀረጻውን ሦስት ደቂቃ አድርጌ ቆረጥኩት፣ ሎጎአችንን ጥግ ላይ አስቀመጥኩ፣ ማታውኑ ጫንነው። ጠዋት ስንነሳ ከዚያ በፊት የሠራነው ሁሉ ተደምሮ ያላገኘውን ተመልካች አግኝቷል።

ወዲያው ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። የአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ልጅ ነው። አለቃዬን "ጋሼ፣ ቪዲዮውን በቴሌግራም ይላኩልን፣ የስቱዲዮውን ስም እንጠቅሳለን" አለው። ድሬ ላይ አንቱ የሚልህ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ የሚፈልገው ነገር አለ። ሎጎ የሌለበት ቢሆን ደግሞ ለስርጭት ይመቻል አለ። አለቃዬ ድሬ በቲቪ ልትታይ ነው ብሎ ደስ ብሎት ላከለት።

ታየ። ስማችን አልተጠቀሰም። ጥግ ላይ የእነሱ ሎጎ ነበር። እውነት ለመናገር ይህን ያህል አልገረመንም፣ ለምደነዋል። የገረመን ቀጥሎ የመጣው ነው።

ቻናላችን የተከፈተው አሜሪካ ባለችው የአለቃዬ እህት ስም ነው። ኢሜይሉም ክፍያውም በእሷ በኩል ነው። እሷ ደግሞ የሌሊት ሠራተኛ ናት፣ ኢሜይል የምታየው ሲመቻት ነው። አንድ ቀን ደውላ "አንተ፣ የሰው ቪዲዮ ሰርቃችኋል እየተባለ ነው፤ እኔን ልታሳስሩኝ ነው እንዴ?" አለችው። ገብተን ስናየው ኮፒራይት መትቶናል። የጎርፉ ቪዲዮ የጣቢያው ንብረት ነው ይላል። ምስሉም ድምፁም። የማስታወቂያው ገቢ ወደ እነሱ ዞሯል። ካሜራማናችን ቪዲዮውን እየደጋገመ እያየ "የእኔ ድምፅ እኮ ነው! እኔ ነኝ የምጮኸው!" ይላል። የገዛ ጩኸቱ የሌላ ሰው ሆኖበት።

የሆነው ነገር ቀላል ነው። ዩቲዩብ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮንቴንት አይዲ የሚባል ማሽን አለው። ትልልቅ ባለመብቶች ሥራቸውን ወደ ማሽኑ ያስገባሉ። ማሽኑ የሚጫነውን ቪዲዮ ሁሉ ከዚያ ጋር ያስተያያል። ከተመሳሰለ ባለመብቱ ያስዘጋዋል፣ ወይ ገቢውን ይወስዳል፣ ወይ ስንት ሰው እንዳየው ብቻ ይከታተላል። ጣቢያው ዜናውን በሙሉ አስገባ፤ በዜናው ውስጥ የእኛ ሦስት ደቂቃ ነበረች። የዩቲዩብ ደንብ ራሱ የሌላ ሰው ሥራ ካለበት ቆርጣችሁ አውጡ ይላል። ማን ይቆርጣል? ማሽኑ ደግሞ ማን ቀረጸ ብሎ አይጠይቅም፣ ማን አስመዘገበ ነው የሚለው። እኛ እናስመዝግብ እንዳንል ለእንደኛ ዓይነቱ አይሰጥም፣ ብዙ ሥራ ያለው ድርጅት መሆን ያስፈልጋል።

በነገራችን ላይ አለቃዬ የኮፒራይትን ነገር ከሌላኛው ወገን ሆኖ ያውቀዋል። በወጣትነቱ ታይዋን ተራ ካሴት እያባዛ ይሸጥ ነበር። የሕንድ ፊልም ከእሱ ያልተከራየ የሰፈር ሰው የለም። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ሲወጣ የፈራው እንደ እሱ ያለው፣ ሲዲ በፌስታል ይዞ የሚዞረው ልጅ ነበር። ሙዚቀኞቹም እውነታቸውን ነበር፤ ላባቸውን እኮ ነው የጠጣባቸው። አሁን ዞሮ በእሱ ደረሰና ካሜራማኑ "ግፍህ ነው አቦ" እያለ ይስቅበታል። እኔ ግን ሁለቱ አንድ አይመስሉኝም። ያኔ ኮፒ የሚያደርገው ልጅ ሥራው የእኔ ነው አላለም። ዘፋኙንም ካሴትህን መልስ ብሎ አልከሰሰም።

ወደ ጣቢያው ደወልን። ለዲጂታል ክፍል አገናኙን። የዲጂታል ክፍሉ ልጅ ሲስተሙ ነው አለን። ታዲያ ሲስተሙን ልቀቅ በለው ስንለው፣ እሱን የሚይዘው ሌላ የውል ድርጅት ነው አለ። የውል ድርጅቱ ስልክ የለውም፣ ኢሜይል አለው፤ ኢሜይሉ አይመልስም። ባንክ ስንሄድ ሲስተም የለም ተብለን እንመለሳለን። እዚህ ሲስተም አለ፣ ሰው ነው የጠፋው።

ተቃውሞ አስገባን። ጣቢያው መልስ እስኪሰጥ 30 ቀን አለው። የጎርፍ ቪዲዮ በ30 ቀን ውስጥ ምን ይሆናል? ደርቋል። ሰው የሚያየው በሳምንቱ ነው። ተቃውሞው በአምስት ቀን ውስጥ ቢገባ ኖሮ ገንዘቡ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይታገድ ነበር። እህትየው ኢሜይሉን እስክታይ ያ አልፏል፣ ጥሩዎቹ ቀናት ለእነሱ ገብተዋል። መልሱም መጣ፦ ውድቅ። ምክንያት የለውም።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ይግባኝ ነው። ይግባኙንም ካልተቀበሉት ቪዲዮው ይወርድልን ብለው ማመልከት ይችላሉ፤ ያኔ ስትራይክ የሚባለው የጥፋት ምልክት ቻናሉ ላይ ይገባል። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ስትራይክ ከገባ ቻናሉ ይዘጋል። ያንን ለመቃወም ደግሞ ሙሉ ስምና አድራሻ ሰጥቶ፣ ቢከሰሱ ፍርድ ቤት ለመቅረብ መስማማት አለ። ስሙም አድራሻውም የእህትየው ነው። "እኔ እዚህ ልጆች አሉኝ" አለች። አልፈረድኩባትም።

ዩቲዩብ ራሱ ያወጣው ቁጥር አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ስድስት ወር ከ722 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያለ ቪዲዮው የእኔ ነው የሚል ጥያቄ ቀርቧል። ተቃውሞ የገባባቸው 2.2 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ከእነዚህ 60 በመቶው ለቪዲዮው ጫኝ ተፈርዷል። ኩባንያው ይህን ሲናገር ተቃዋሚው ጥቂት ስለሆነ ማሽኑ ትክክል ነው ለማለት ነው። እኔ እህትየውን አያታለሁ። ያልተቃወመ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም፣ የፈራም አለ።

ብቻችንን እንዳልሆንን ያወቅሁት በዚያው ሰሞን ነው። በነሐሴ 2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የጠፈር መሥሪያ ቤት ናሳ ኩሪዮሲቲ የምትባለውን ተሽከርካሪ ማርስ ላይ ሲያሳርፍ የጫነው የራሱ ቪዲዮ፣ አንድ የአሜሪካ የዜና ድርጅት የእኔ ነው ስላለው ለጊዜው ከዩቲዩብ ወርዶ ነበር። ማርስ ድረስ የሄደ መሥሪያ ቤት እንዲህ ከሆነ፣ ድልድይ ላይ ለቆመው የድሬ ልጅ ማን ያስብለታል?

አንድ ሕግ ያጠና ደንበኛችን የሠርጉን አልበም ሊወስድ መጥቶ ነገሩን ሰማ። አዋጁን ከስልኩ አወጣና አነበበልን። ሥራው ከተፈጠረ ጀምሮ ጥበቃ አለው፣ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። የሞራል ካሣው ከ100,000 ብር አያንስም። አለቃዬ ቁጥሩን ሲሰማ ዓይኑ በራ። ጠበቃ፣ አዲስ አበባ መመላለስ፣ ቀጠሮ ሲባል መልሶ ደበዘዘ። ሕጉ ጥሩ ነው። ሕጉና ማሽኑ ግን አይተዋወቁም።

ያዳነን የካሜራው ካርድ ነው። ካሜራማናችን ሠርጉ ገና ስላላለቀ ካርዱን አላጠፋውም ነበር። ጣቢያው ያለው ሦስት ደቂቃ ነው። እኛ ጋ ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት ያለው አለ፤ ደረቁ አሸዋ፣ ፍየል የሚነዳው ልጅ፣ ካሜራማኑ ቆሞ "ፀሐዩ ሊገድለኝ ነው" ሲል። ሳይቆረጥ፣ ሰዓቱና ቀኑ እንዳለ። ለብቻው ጫንነው፤ ሊንኩ ያለው ብቻ እንዲያየው አድርገን። ከዚያ የጣቢያው ዜና ክፍል ውስጥ የድሬ ልጅ ፈለግን። ተገኘ፤ የድሬ ልጅ የሌለበት የት አለ? ሊንኩን ለአዘጋጁ አሳየው። አዘጋጁ ፍየሉን አይቶ ሳቀ አሉ። ይግባኝ ሳንጠይቅ በማግስቱ ለቀቁት። የቀደመው ገንዘብ አልተመለሰም፣ ይቅርታም አልመጣም።

አሁን አሠራራችን ተቀይሯል። ሎጎ የሌለው ቅጂ ከቢሮው አይወጣም። ካርዱ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ሳይገለበጥ አይጠፋም። የቻናሉ ኢሜይል ለእኔም ስልክ ይደርሳል። ቪዲዮ የሚፈልግ ጣቢያ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይልካል፤ ደብዳቤው ላይ ቀረጻውን ወደ ኮንቴንት አይዲ እንደማያስገቡ መጻፍ አለበት። አለቃዬ ይህን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ሸምድዶታል። ባለፈው አንዱ ደውሎ "ጋሼ፣ ለአንዲት ደቂቃ ቪዲዮ ደብዳቤ?" አለው። "አዎ፣ ለአንዲት ደቂቃ" አለው። ሰውየው ተናዶ ዘጋው። ሌላኛው ግን ደብዳቤውን ላከ፣ ዋጋም ጠየቀ፣ በቴሌብር ከፈለ። ካሜራማናችን ድርሻውን ሲቀበል "ጩኸቴም ተከፈለበት" አለ።