ካፖርት ለብሼ ሐረጎን የወረድኩባቸው ጠዋቶች

ደሴ ጠዋት ያለ ካፖርት አይወጣባትም። ኮምቦልቻ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም በሐረጎ ጠመዝማዛ ስድስት መቶ ሜትር ገደማ ቁልቁል ተወርዶ የሚደረስባት ሞቃት ከተማ ናት። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ሆኖም የመጀመሪያው የሥራ ቃለ መጠይቅ ቀን የእናቴን ጥቁር የሱፍ ካፖርት ደርቤ ወረድኩ። ከውስጥ የለበስኩት ሸሚዝ ብብቱ ላይ የተጣፈ ስለነበር ማውለቅም አልሆነልኝም።

ፈታኞቹ አራት ነበሩ። ሰብሳቢው በእንግሊዝኛ ራሴን እንዳስተዋውቅ ጠየቁኝ። መልሱን በአንድ ገጽ ጽፌ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሸምድጄዋለሁ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩና ሦስተኛው ጠፋ። ዝም አልኩ። የግንባሬ ላብ ጠረጴዛው መስታወት ላይ ጠብ ሲል ሁላችንም አየነው። ሰብሳቢው ሶፍት ሲያቀብሉኝ በአማርኛ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ከሀ ጀመርኩ፤ ስሜን እንደገና ተናገርኩ። ሳቁ። ክፋት የሌለበት ሳቅ ነበር፤ እኔ ግን ሐረጎን እስክወጣ ድረስ በየኩርባው ሰማሁት።

የተመረቅኩት በ2011 ዓ.ም. በሒሳብ አያያዝ ነው። ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ ተፈተንኩ። በጽሑፍ አንደኛ ወይም ሁለተኛ እወጣለሁ፤ በቃል እወድቃለሁ። አንደኛው ቦታ ላይ ቶሎ አግብቼ ለመውለድ አስቤ እንደሆነ ጠየቁኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሴትን በፆታዋ ምክንያት በቅጥር መለየትን እንደሚከለክል አንብቤ ነበር። ያነበብኩት ግን አፌ ላይ አልመጣም፤ አንገቴን ደፍቼ «ገና ነኝ» አልኩ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

የረዳኝ ነገር የመጣው ካላሰብኩበት በኩል ነው። ደሴ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ለሦስት ወር በጊዜያዊነት ቀጠረኝ። ሥራዬ ፎቶ ኮፒ ማንሳት፣ ሰነድ መደርደርና ደብዳቤ ማድረስ ነበር። በሁለተኛው ወር ሠራተኛ ሊቀጥሩ ሆነና ተፈታኞችን በስም ዝርዝሩ እየጠራሁ እንዳስገባ፣ ነጥብ መስጫ ቅጹንም እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። በሩ አጠገብ ወንበር ተሰጠኝ። ለአራት ዓመት ከፊት ለፊት ብቻ ያየሁትን ጠረጴዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎን አየሁት።

ቅጹን እኔው ስላባዛሁት በቃሌ ያዝኩት። ለቃል ፈተናው የተመደበው 30 ነጥብ ነው፤ 15 ለሥራ ዕውቀት፣ 10 ሐሳብን ለመግለጽ፣ 5 ለአቀራረብ። ላለመፍራት የተመደበ ነጥብ ፈልጌ አጣሁ። እኔ ለዓመታት ስታገል የኖርኩት ቅጹ ላይ ከሌለ ነገር ጋር ነበር።

ፈታኞቹንም አየኋቸው። አንደኛው ጥያቄ ካነበቡ በኋላ የራሳቸውን ጥያቄ መልስ ከወረቀታቸው ጀርባ ይፈልጉ ነበር። ሌላዋ ምሳ ሰዓት ማለፉን በዓይናቸው ግድግዳው ሰዓት ላይ ይከታተላሉ። ዘጠነኛዋ ተፈታኝ ስትገባ ሦስቱም የሚያዩዋት «ይቺ በሆነችና በተገላገልን» በሚል ዓይን ነበር። ከሁሉም ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘው ልጅ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ነው የገባው። አንድ ጥያቄ ሲከብደው «ይህን ሠርቼው አላውቅም፤ ቢገጥመኝ ግን መጀመሪያ የባንክ መግለጫውን ከመዝገቡ ጋር አመሳክራለሁ» አለ። ሰብሳቢው ቀና ብለው ሲያዩትና ሲጽፉ አየሁ። እኔ ብሆን ዝም እል ነበር፤ ወይም የማላውቀውን አውቃለሁ እል ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ መለማመድ ጀመርኩ። ጥያቄ ከወረቀት አነብና በሁለት ደቂቃ መልሼ በስልኬ እቀዳለሁ፤ ከዚያ አዳምጣለሁ። የራስን ድምፅ መስማት መጀመሪያ ላይ ቅጣት ነው። እንግሊዝኛው ከባድ ነበር፤ የተማርኩት በእንግሊዝኛ፣ የማስበው በአማርኛ ነውና። ለዚህ ያገኘሁት መፍትሔ ቀላል ሆኖ ሳለ ለመድፈር ጊዜ ወሰደብኝ፤ ሲከብደኝ «በአማርኛ ላስረዳ?» ብሎ መጠየቅ። ኋላ ከጠየቅኳቸው ውስጥ አይሆንም ያለኝ አንድ ብቻ ነው።

ዋናውን ነገር ያሳዩኝ ግን ጎረቤታችን ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ቡና ላይ ተፈታኝ ሆኜ ፊታቸው ቀረብኩ። ታታሪ ነኝ፣ ሰዓት አከብራለሁ፣ ከሰው እግባባለሁ እያልኩ ስደረድር ጀበናውን አስቀመጡና «አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ስትዪ ምን እንደሠራሽ አልሰማሁም» አሉኝ። የሥራ ልምድ የለኝም አልኳቸው። «የአጎትሽን የዱቤ መዝገብ ማን መለሰው ታዲያ?»

አጎቴ እዚያው ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ጨርቅ በጅምላ ይሸጣል። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሁላችንም ወደ አዲስ አበባ ሸሸን፤ ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ ከተለቀቀች በኋላ ስንመለስ ሱቁ ባዶ ነበር። ዕቃውስ ይሁን፤ የዱቤ መዝገቡም ጠፍቷል። ማን ስንት እንደተበደረ አጎቴ የሚያውቀው በግምት ነው። ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዛሁና ከስልኩ ላይ የ47 ደንበኞችን ስም አወጣሁ። ለእያንዳንዱ ደወልኩ። የሚገርመው 31ዱ ዕዳቸውን ራሳቸው ነገሩኝ፤ አንድ የወረኢሉ ነጋዴማ አጎቴ ከገመተው በላይ ነው የተናገረው። የቀሩትን መርካቶ ካለው አቅራቢ የደረሰኝ ቀሪ አስመጥቼ፣ የባንክ ገቢውን አይቼ አስታረቅኩ። አራት ወር ፈጀብኝ። ይህን ሁሉ እንደ ሥራ ቆጥሬው አላውቅም ነበር፤ ደመወዝ አልነበረውማ።

ፍርሃቱ ራሱስ? ጠፋ ብል እዋሻለሁ። የሃርቫርድ ተመራማሪዋ አሊሰን ዉድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ከንግግር በፊት «ተረጋግቻለሁ» ካሉት ይልቅ «ጓጉቻለሁ» ያሉት የተሻለ ተናግረዋል። ሞከርኩት፤ እኔ ግን በሚኒባስ ውስጥ ብቻዬን ሳጉረመርም አፈርኩ። የተሻለኝ ትንፋሽ ነው። አየር ስንስብ ልብ ይፈጥናል፣ ስናወጣ ይዘገያል፤ ስለዚህ ሐረጎን ስወርድ አንዱ ኩርባ ላይ ስቤ እስከሚቀጥለው ኩርባ ድረስ ቀስ ብዬ አወጣለሁ። መንገዱ ለዚህ የተሠራ ይመስላል።

በ2016 ኮምቦልቻ አንድ ድርጅት ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ሲፈልግ ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። ካፖርቱን ገና መናኸሪያ አወለቅኩ። ስጠራ ጉልበቴ እንደ ወትሮው ላላ። ሰብሳቢው ማስረጃዬን አገላበጡና «2014ን ምንም አልጻፍሽበትም፤ ምን ትሠሪ ነበር?» አሉ። ደብተሩን አወጣሁ። ስለ 47ቱ ሰዎች ስናገር ሦስት ፈታኞች ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አሉ። አንዷ «ዕዳውን አሳንሶ የነገረሽን በምን አወቅሽ?» ሲሉኝ የመርካቶውን ቀሪና የባንኩን ገቢ ጎን ለጎን ያሰፈርኩበትን ገጽ ገለጥኩላቸው። እንግሊዝኛ ይሁን አማርኛ የትኛውን እንደተናገርኩ አላስታውስም፤ ሁለቱንም መሰለኝ። ጥያቄ ካለሽ ሲሉኝ ስለ ሙከራ ጊዜው ጠየቅኩ። አዋጁ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይላል፤ እነሱም እንደዚያው አሉ። ስወጣ ሰዓቱን አየሁ፤ 40 ደቂቃ ሆኗል።

ውጤቱ ሲለጠፍ ስሜ ከአንድ ልጅ በታች፣ «ተጠባባቂ» ከሚለው ጎን ነበር። አላለቀስኩም። አምስት ሳምንት ቆይቶ ልጁ ሌላ ሥራ አግኝቶ ኖሮ ተደወለልኝ።

ካፖርቱ አሁንም አለ፤ ደሴን በጠዋት ያለ እሱ የሚችላት የለም። ኮምቦልቻ ስደርስ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ የምትሸጥ ሴት ጋር አስቀምጠዋለሁ፤ ማታ ስመለስ ዕጣንና ከሰል ሸትቶ ይጠብቀኛል።