ደሴ ላይ ቤት ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ክረምት ተከራዩ

ይህን የምጽፈው ቀብድ ከመክፈሌ በፊት የሚነግረኝ ሰው አግኝቼ ቢሆን ኖሮ ስምንት ወርና ብዙ ገንዘብ ይተርፈኝ ስለነበር ነው። ደሴም ኮምቦልቻም ክርክሩ አንድ ነው። አንዱ "ለኪራይ የከፈልከው የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል፤ ጎጆም ብትሆን የራስህን ግዛ" ይላል። ሌላው "በዚህ ዋጋ መግዛት በቁም መቀበር ነው" ይላል። ሁለቱም የሚሟገቱት ስለ ዋጋ ነው። እኔን የጎዳኝ ግን ዋጋው ሳይሆን ወረቀቱና ልኬቱ ነው።

የሂሳቡን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። 3 ሚሊዮን ብር የሚጠየቅበት ቤት በወር 12,000 ብር ይከራያል እንበል። የዓመቱ ኪራይ 144,000 ብር ነው፤ ከቤቱ ዋጋ አምስት በመቶ እንኳ አይሞላም። ከዋጋው 2 ሚሊዮኑን በ17 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ብትበደሩ ደግሞ የወር ክፍያው 29,300 ብር ገደማ ይመጣል፤ ዕዳው ሲያልቅ 7 ሚሊዮን ከፍላችኋል ማለት ነው። ስለዚህ አብዛኛውን በብድር ለሚገዛ ሰው መከራየት ይሻለዋል፤ ባንክ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ባይስማሙም አቋሜ ይኸው ነው። ከወለድ ነፃ በሆነው በሙራባሃ ለምትገዙም ባንኩ የሚጨምረውን ትርፍ በወር አካፍላችሁ ከኪራዩ ጋር አስተያዩት። ጥሬ ገንዘብ በእጁ ያለ ሰው ግን ብሩን ባንክ አስቀምጦ ኪራይ መክፈሉ አያዋጣውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ለቤት ብለው ያጠራቀሙ ሰዎች ገንዘባቸው ሲሟሟ በዓይናቸው አይተዋል።

ገንዘቡ ኖሯችሁም ግን በበጋ አትግዙ። ደሴ የጦሳን ተራራ ተደግፋ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ አፈሩ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ቁልቁል ይሳባል። በጥር የምታዩት ግድግዳ ተለስኖና ቀለም ተቀብቶ ስለሚጠብቃችሁ ምንም አይነግራችሁም። ሰኔ ሳይገባ ልትገዙ ባሰባችሁበት ሰፈር ተከራዩ። የተከራያችሁት ቤት ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ካለ ሁለት ጣት ወርድ ያለው ጂብሰም ስንጥቁን አቋርጣችሁ ለጥፉበት፣ ሲደርቅ በእርሳስ ቀኑን ጻፉ። መስከረም ላይ ጂብሰሙ ሳይነካ ካገኛችሁት ስንጥቁ የድሮ ነው። መሐሉ ላይ ከተሰነጠቀ መሬቱ እየሄደ ነው፤ ያን ቤት ብቻ ሳይሆን ከሱ በላይና በታች ያሉትንም ተዉ። ከግቢው በላይ ያሉትን ባሕር ዛፎችም ከሥራቸው ተመልከቱ። ግንዳቸው ከግርጌው ጎብጦ ወደ ላይ የተቃና ከሆነ መሬቱ ለዓመታት ቀስ እያለ ሲንሸራተት ኖሯል። የድጋፍ ግንብ ካለ ደግሞ የውሃ መተንፈሻ ቀዳዳዎቹን ፈልጉ፤ ቀዳዳ የሌለው ግንብ ከኋላው ውሃ ይዞ ሆዱ ይነፋና አንድ ሌሊት ይወርዳል።

ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሜዳው ላይ ጥቁር አፈር ባለበት ቦታ መሬቱ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ስንጥቁ አፉን የሚከፍተው በበጋ ነው። እዚያ ቤት የሚታየው በየካቲት ነው። ኮለንና ቢም ሳይኖረው በብሎኬት ብቻ የቆመ ቤትም አትግዙ። በ1953 ካራ ቆሬንና ማጀቴን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው በዚሁ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው።

ስትከራዩ ውሉን በጽሑፍ አድርጉት። በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል፤ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ግን ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። የሰፈሩን ቅሬም (የወሎን ዕድር ማለት ነው) ተቀላቀሉ። ቤቱ የማን እንደነበር፣ ወራሾቹ ስንት እንደሆኑ፣ ማን ከማን ጋር በወሰን እንደተካሰሰ የቅሬ ሰው ያውቃል። ካርታ ይህን አያሳይም።

አሁን ወደ ስም ዝውውሩ። እኔ የገዛሁት ቤት ካርታው ላይ 200 ካሬ ይላል። ደላላው "ወረቀቱ 200 ይበል እንጂ ግቢው ከ230 በላይ ነው፣ ትርፉ ለእናንተ" አለኝ። እንደ ጥቅም ቆጠርኩት። ውሉን ተፈራረምን፣ ከዋጋው ዘጠና በመቶውን ከፈልኩ። ስም ለማዞር ማዘጋጃ ቤት ፋይሉ ሲከፈት ባለሙያ መጥቶ ለካ፤ 231 ካሬ ወጣ፣ ፋይሉም ቆመ። ኩሽናውና ሽንት ቤቱ ያረፉት በትርፉ 31 ካሬ ላይ ነበር። አንዱ ጠረጴዛ "ከፍላችሁ ይጠቃለላል" አለ። ሁለተኛው "ይፈርሳል" አለ። ሦስተኛው ከቀበሌ ደብዳቤ አምጡ ብሎ መለሰኝ፤ ደብዳቤው ሲመጣ ደግሞ ባለሙያው ፈቃድ ላይ ነበር። ከጥቅምት እስከ ሰኔ በዚህ ሄደ።

ማንም በቅጡ ያላስረዳኝ ነገር ይህ ነው። ከካርታ ውጭ የታጠረ መሬት የሻጩ ስላልሆነ ሊሸጠው አይችልም። ራሱን ችሎ ቦታ የማይወጣው ሽርፍራፊ ከሆነ ወደ ይዞታው ሊጠቃለል ይችላል፤ በከተማው ፕላን መንገድ ወይም የጎርፍ ቦይ የሚያርፍበት ከሆነ ግን አይጠቃለልም። የኔው ቦይ ላይ ነበር። የቀድሞው ባለቤት የድጋፍ ግንቡን ሲሠራ አጥሩን ወደ ቦዩ ገፍቶታል። ኩሽናው ፈረሰ።

ስህተቱ ግማሹ የኔ ነው፤ ሳላስለካ ከፈልኩ። ሌላውን ግማሽ ግን ዛሬም አልቀበልም። የማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ዝርዝር መጀመሪያ ውል፣ ከዚያ ግብር፣ ልኬት መጨረሻ ይላል። ገዥ ገንዘቡን ከሰጠ በኋላ የሚደረግ ልኬት ለገዥ ምን ይጠቅመዋል? ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ካርታው ላይ የማዕዘኖቹ የኤክስና የዋይ ቁጥሮች አሉ፤ ከቀብድ በፊት የግል ቀያሽ ይዛችሁ ግቡና አራቱንም ማዕዘን መሬት ላይ አስቁሙ። ሻጩን ይዛችሁ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁም ዕዳና እግድ እንደሌለበት በጽሑፍ አስወጡ፤ በቃል የተነገራችሁን አትመኑ።

ሁለተኛው ያላሰብኩት ወጪ ሊዙ፣ ማለትም ለቦታው ለመንግሥት የሚከፈለው ኪራይ ነው። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ (ያለ ሊዝ ከድሮ የተያዘ ቦታ) ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በማናቸውም መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ ይደነግጋል። "ነባር ነው፣ ሊዝ የለበትም" የሚለው የደላላ ቃል ለሻጩ እንጂ ለእናንተ አይሠራም። በዚያ ላይ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ፤ እኔ የተሰላብኝ በውሉ ዋጋ ሳይሆን በቢሮው ግምት ነው። በሽያጩ ትርፍ ላይ የሚከፈለው 15 በመቶ ግብር በሕግ የሻጭ ነው። ሻጩ ቤቱን ሁለት ዓመት ለመኖሪያ ብቻ ተጠቅሞበት ከሆነ ነፃ ነው። በልማድ ግን ገዥ ላይ ስለሚጫን ማን እንደሚከፍል በውሉ አስጽፉ።

የመንደር ውል አትፈርሙ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ሻጭ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ውርስ ከሆነ ወራሾቹ በሙሉ። ከሁሉ በላይ ይህን ዓረፍተ ነገር ሳታስጽፉ አትነሡ፦ "ከዋጋው 30 በመቶው አዲሱ ካርታ በገዥ ስም ሲወጣ ይከፈላል፤ ልኬቱ ከካርታው ቢለይ ወይም ግንባታ እንዲፈርስ ቢታዘዝ ኪሳራው ከዚሁ ተቀናሽ ይሆናል።" ሻጭ ካንገራገረ ገንዘቡን በጋራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ ዝግ ሂሳብ አስቀምጡለት። ያንንም እንቢ ካለ ቤቱን ተዉት፤ አንድ ተጨማሪ ዓመት መከራየት ከዚህ ይቀላል።

የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ስም ማዞር ቀላል ነው። ውዝፍ ግን ከቆጣሪው ጋር ስለሚመጣ ቁልፍ በምትረከቡበት ቀን ሻጩን ይዛችሁ የሁለቱንም ቆጣሪ ንባብ በስልክ ፎቶ አንሡ፤ የመጨረሻውን ደረሰኝም ከእጁ ተቀበሉ።