የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለውጥን በካርታ ለመስራት ለምታስቡ፦ ለቢሮ የምትወስዱት ደብዳቤ ላይ «መሬት» የምትል ቃል እንዳትጽፉ

ሰውና ሐይቁ ባለፉት 40 ዓመታት እንዴት ሲገፋፉ እንደኖሩ ዓመት በዓመት እየተቀያየረ በሚታይ ተንቀሳቃሽ ካርታ ሰርቻለሁ፣ ወጥቶልኛልም። ግን አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ከግማሹ ብስጭት እተርፍ ነበር።

የሳተላይቱ ስራ ቀላል ነው። ላንድሳት 5 የሚባለው የአሜሪካ ሳተላይት እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ያነሳው ፎቶ በነፃ ይገኛል፣ ጎግል ኧርዝ ኢንጂን በሚባለው የጎግል የሳተላይት ፎቶ መድረክ ላይ አካውንት ከፍቶ ማውጣት ነው። ክረምቱን ተዉት፣ ደመና ነው። ታህሳስ ወይ ጥር ያዙ፣ ግን በየዓመቱ ያንኑ ወር፤ ሐይቁ መውጫ ወንዝ ስለሌለው ከዝናብ በኋላ ሞልቶ በበጋ ይጎድላል፣ ጥቅምትን ከመጋቢት ካስተያያችሁ ያሳያችሁት ወቅቱን ነው። የላንድሳት 7 ፎቶ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ሰረዝ ሰረዝ አለበት፣ ዝለሉት።

ችግሩ የላንድሳት ፎቶ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር መሆኗ ነው። ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ላይ ጀልባው፣ መረቡ፣ አሳ የሚያጸዱት ልጆች፣ በላያቸው የሚያንዣብበው አባ ኮዳ የሚባል ትልቅ ወፍ ሁሉ በጥቂት ነጥብ ተጠቅልሎ ይቀራል። ስለዚህ ከአውሮፕላን የተነሳ የድሮ ፎቶ ፍለጋ አንድ ቢሮ ሄድኩ። «ዓላማውን በዝርዝር ገልጸህ የትብብር ደብዳቤ አምጣ» ተባልኩ፣ አመጣሁ። «የሐይቅ ዳርቻ የመሬት አጠቃቀም ለውጥ» ይላል። ሰውዬው አነበበና መነጽሩን አውልቆ «ይሄ የካሳ ነገር ነው አይደል?» አለኝ። ኧረ አይደለም፣ ካርታ ነው ብል «ታዲያ ድሮ ውሃው የት ድረስ እንደነበር ምን ያደርግልሃል?» እኔ ምን ልበል! ወደ ህግ ክፍል መራው፣ ህግ ክፍል ደግሞ «ለሚመለከተው ክፍል» ብሎ መለሰው፣ የሚመለከተው ክፍል ማለት ያው ሰውዬው ነው፣ እሱ ደግሞ ሁሌ ስብሰባ ላይ ነው። ፎቶው እስከዛሬ አልተሰጠኝም፣ አንሰጥም ያለኝም የለም። በዝርዝር ጻፉ ሲሏችሁ አትስሟቸው፣ «ሐይቅ» እና «ካርታ» በሉና አቁሙ።

ሐይቁ ዳርም ያው ጥርጣሬ ነው። ጂፒኤስ ይዤ ስዞር አንድ ሽማግሌ አሳ አስጋሪ «ልጄ፣ ችካል ልትተክሉ ነው?» አሉኝ። ጂፒኤሱን ቦርሳ ከተትኩና የሳተላይቱን ፎቶ በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ከእስክሪብቶ ጋር ሰጠኋቸው፣ «ጋሼ፣ ድሮ ጀልባ የት ነበር የምታስሩት?» አልኳቸው። መጀመሪያ ወደ ሐይቁ የሚገባውን የጥቁር ውሃ ወንዝ በጣታቸው ፈለጉ፣ ከዛ ወረቀቱን አዙረው መስመር ጀመሩ፣ አጠገባቸው መረብ የሚጠግነው ሌላኛው «ኧረ እዛ ጋ ቄጠማ ነበር!» ብሎ እስክሪብቶውን ቀማቸው፣ ተከራከሩ፣ ሁለቱንም መስመር ወሰድኩ። ካርታዬ ላይ ሰው የሚታይበት ቦታ ቢኖር እዚህ ነው፣ ያለ ደብዳቤ የተገኘ።

አሁን ከሐዋሳ ሐይቅ በስተምስራቅ ያለው ጨለለቃ ላይ ነኝ። እሱን የምትሞክሩ ካላችሁ እ.ኤ.አ. ከ1984 አትጀምሩ፣ ድሮ ሐይቅ የነበረው ዛሬ ረግረግና ግጦሽ ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹን የላንድሳት ፎቶ አውጡ። ጥራቱ ደካማ ነው ግን ውሃው ይታያል።