እርጥብ በረዶን በትራክተር ስጠርግ የተማርኩት

ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ፣ ጠዋት በሩን ስከፍት በረዶው ከጉልበቴ አልፎ ነበር። አዲስ የወረደ ደረቅ በረዶ አንድ ሜትር ኩቡ 100 ኪሎ ግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ እርጥቡ ግን እስከ 300 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የዚያን ዕለቱ እርጥቡ ነበር። አካፋውን ትቼ ከኋላው የበረዶ መጥረጊያ ወደ ተገጠመለት ትራክተር ሄድኩ፤ መጥረጊያው በረዶውን በሚሽከረከር ምላጭ እየጎረሰ በቱቦ አርቆ የሚወረውር ነው።

ስህተቴ መቸኮል ነበር። የሞተሩን ኃይል ቀንሼ፣ በሁለተኛ ማርሽ ወደ ኋላ እየነዳሁ ገባሁበት። ጥቂት ሜትር እንደሄድኩ በረዶው እንደ ሊጥ ተጠቅጥቆ መወርወሪያ ቱቦውን ደፈነው። ደንግጬ ክላቹን እስከ መጨረሻው ስረግጥ ደግሞ ባሰ። በእኔ ትራክተር ክላቹ መንኮራኩሩን ብቻ ሳይሆን መጥረጊያውን የሚያዞረውን ዘንግም ያቆማል፤ ምላጩ በረዶ እንደ ጎረሰ ቀጥ አለ።

እጄን ሰድጄ ላጸዳው ቃጥቶኝ ነበር። እባካችሁ ይህን ማንም አያድርገው! ሞተሩን አጠፋሁ፣ ቁልፉን ነቀልኩ፣ ሁሉም ነገር መቆሙን በዓይኔ አረጋገጥኩ፤ ከዚያ በኋላ ነው ቱቦውን በረጅም እንጨት የጎረጎርኩት።

ሁለተኛው ሙከራ ሌላ ነበር። ከመነሳቴ በፊት ዝቅተኛውን ማርሽ አስገባሁ፤ ዘንጉ በደቂቃ 540 ዙር እንዲሞላም ለሞተሩ በቂ ነዳጅ ሰጠሁት። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ እያጓራ ትራክተሩ እንደ ኤሊ ሲሳብ ለጊዜው ግራ ያጋባል፤ እርጥብ በረዶን አርቆ የሚወረውረው ግን ይህ ነው። በየዙሩም የመጥረጊያውን ግማሽ ስፋት ብቻ አጎረስኩት፤ ቱቦውን ነፋሱ ወደሚሄድበት አዞርኩ።

በመንገዱ መጨረሻ የተቆለለው ክምር ውስጥ የደረቀ ግግር ኖሮ፣ ምላጩን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ቡሎን ተቆረጠ። ጠንካራ ቡሎን በእጄ ነበር፤ አልገጠምኩትም። ያ ቡሎን ሆን ተብሎ ለስላሳ የተደረገው እሱ ተቆርጦ የማርሽ ሳጥኑን እንዲያድን ነው። ተመሳሳዩን ፈልጌ እስካገኝ አንድ ሰዓት አለፈ፤ አሁን ከወንበሬ ሥር ስድስት መለዋወጫ አለ። ከዚያ ወዲህ በረዶው 20 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ፣ ገና እየወረደም ቢሆን፣ ወጥቼ የመጀመሪያውን ዙር እጠርጋለሁ።