ደም ራቅ ብሎ የሚያልፍበት ጆሮ

ማታ ማታ ስለ ውስጠኛው ጆሮ የደም ስሮች ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት በሚቀይሩት ባለ ፀጉር ህዋሳት መካከል የደም ስር የለም። ኦክስጅን የሚያገኙት በዙሪያቸው ባለው ፈሳሽ ውስጥ ሰርጎ ሲደርሳቸው ነው። ደሙ በአጠገባቸው ቢመላለስ ኖሮ የገዛ ልባችንን ምት ሌት ተቀን እንሰማ ነበር የሚል ግምት አለ፤ እኔን አሳምኖኛል።

ታዲያ ደሙ የት ሄደ? ኮክሊያ ወደሚባለው፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደተጠቀለለው የመስሚያ ክፍል የጎን ግድግዳ። እዚያ ስትሪያ ቫስኩላሪስ የሚባል፣ ቀጫጭን የደም ስሮች የተጠላለፉበት ስስ ሽፋን አለ። ጣሊያናዊው አልፎንሶ ኮርቲ እ.ኤ.አ. በ1851 ስለ ኮክሊያ ባሳተመው ጥናት ገልጾታል። የሽፋኑ ሥራ ፖታሲየም ወደ ኮክሊያው ፈሳሽ እየገፋ 80 ሚሊቮልት ገደማ ኃይል ማቆየት ነው፤ የጆሮ ባትሪ ብለው ቢጠሩት አይፈረድም። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ደም ቅዳው ሲዘጋ የኮክሊያው ኤሌክትሪካዊ ምላሽ ወዲያው መውደቅ ይጀምራል። ፉሮሰማይድ የተባለው የሽንት መድኃኒት በብዛትና በፍጥነት በደም ስር ሲሰጥ መስማትን የሚያደክመውም ይህንኑ ሽፋን ስለሚነካ ነው።

የሚያስፈራኝ ግን የደሙ መንገድ ነው። ላቢሪንታይን የሚባለው ቀጭን ደም ቅዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ለትንሹ አንጎል ደም ከሚያደርስ ቧንቧ ነው። መስሚያውንም ሚዛን መጠበቂያውንም የሚመግበው እሱ ብቻ ነው፤ ቢዘጋ ተተኪ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንድ ጆሮ ድንገት ጭጭ ብሎ ኃይለኛ ማዞር ሲከተል ነገሩ የስትሮክ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ሰው ግን «ኩክ ይሆናል» ብሎ ሳምንት ይቀመጣል! በድንገት ለጠፋ መስማት የሚሰጠው ስቴሮይድ የተባለው መድኃኒት የሚረዳው ደግሞ በቶሎ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ሲጀመር ነው።

በሌላ በኩል፣ በድንገት የጠፋን መስማት ሁሉ «የደም ዝውውር ነው» ብሎ መደምደምም አይዋጥልኝም። የአብዛኞቹ ታማሚዎች መንስኤ አይታወቅም፤ የደም ስር ማስፊያ መድኃኒትም እንደ መደበኛ ሕክምና አይመከርም። የደም ስሩ ጥፋተኛነት በግልጽ የሚታይበት ሱሳክ ሲንድረም የተባለው ብርቅ በሽታ ነው፦ የሰውነት መከላከያ የአንጎልን፣ የሬቲናን (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ሽፋን) እና የውስጠኛውን ጆሮ ጥቃቅን የደም ስሮች አንድ ላይ ያጠቃል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ «እርጅና ነው» ተብለው የሚታለፉት ናቸው። በዕድሜ ምክንያት ስትሪያው የሳሳባቸው ሰዎች ድምፁ ይቀንስባቸዋል እንጂ፣ ህዋሳቱና ነርቩ ካልተጎዱ ንግግሩን ጮክ ሲልላቸው በደንብ ይለያሉ። የመስሚያ መሣሪያ በደንብ ከሚጠቅማቸው መካከል እነሱ አሉበት።