ስብሰባው በሰዓቱ እንዲያልቅ፦ የአንድ ክለብ ጸሐፊ ማስታወሻ

አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የሮታሪ ክለብ፣ ማለትም የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች ለበጎ አድራጎት በሚሰባሰቡበት ማኅበር፣ ጸሐፊ ሆኜ ስመረጥ፣ ሥራው ደብዳቤ መጻፍና ስም መጥራት ብቻ የሚመስላቸው ወዳጆቼ እንኳን ደስ አለህ አሉኝ። ቀደም ሲል በቦታው የነበሩት ግን ያሉኝ «አይዞህ» ነበር።

በሮታሪ ሹመት የአንድ ዓመት ነው። ዓመቱ የሚጀምረው በሰኔ 24 ሲሆን ይህ ለእኛ አገር የማይመች ወቅት ነው። አዲሱ ሥራ አስፈጻሚ ወንበሩን ሲይዝ ክረምቱ ይገባል፣ ተማሪው ይበተናል፣ መንገዱ ይጨቀያል። ነጋዴውና የሒሳብ ሠራተኛው ደግሞ የበጀት ዓመት መዝጊያ ላይ ስለሆኑ ቀና ብለው አያዩህም። ስለዚህ የዓመቱን መርሐ ግብር ያወጣነው ገና ሥራውን ሳልረከብ፣ ግንቦት ውስጥ፣ ከተመራጩ ፕሬዚዳንት ጋር ተቀምጠን ነው። ሐምሌና ነሐሴን ለችግኝ ተከላና ለአባላት መጠያየቂያ ተውናቸው፤ ጉልበት የሚጠይቀውን ሁሉ ከመስቀል በኋላ አደረግነው። ከዓመቱ ውሳኔዎች ሁሉ ይበልጥ የጠቀመን ይህ ይመስለኛል።

የሳምንቱ ስብሰባ አካሄድ ለማያውቀው ሰው ቀላል ነው። ፕሬዚዳንቱ ደወል ይደውላል፣ እንግዶች ይተዋወቃሉ፣ ጸሐፊው ማስታወቂያ ያነባል፣ ተጋባዥ ተናጋሪ ስለ ሙያው ያወራል፣ ጥያቄ ይቀርባል፣ ደወሉ እንደገና ተደውሎ ሰው ይበተናል። ሁሉም ነገር በአንድ ሰዓት ያልቃል። ማለቅ ነበረበት ብል ይሻላል፤ እኛ ዘንድ አንዱ ሰዓት ሁለት ይሆን ነበርና። ደወሉ «ጥቂት ሰው ይጨመር» እየተባለ ይቆያል፤ በሰዓቱ የመጣው ሰው የዘገየውን ይጠብቃል። በሚቀጥለው ሳምንት እሱም ይዘገያል። የሐበሻ ቀጠሮ የሚባለው ልማድ ከሰዎች ጠባይ ይልቅ እንዲህ ካለው ትምህርት የሚመጣ ይመስለኛል።

ከፕሬዚዳንታችን ጋር የተስማማነው ደወሉ ማንንም እንዳይጠብቅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደወሉ የተደወለው ለጥቂት ሰዎችና ሻይ ለሚያቀርቡት አስተናጋጆች ነበር። ነገሩን የለወጠው ግን የመዝጊያው ደወል ሆነ። ተናጋሪው የሚኒስትርነት ማዕረግ ያለው እንኳ ቢሆን ሃያ ደቂቃው ሲያልቅ ይመሰገናል፤ ሰዓቱ ሲደርስ እንነሣለን። ሐኪሙ ወደ በሽተኞቹ፣ ባለሱቁ ወደ ሱቁ መቼ እንደሚመለስ በእርግጠኝነት ሲያውቅ በሰዓቱ መምጣት ጀመረ። በእኔ ግምት ሰውን ከክለብ የሚያሸሸው ዘግይቶ የሚጀምር ስብሰባ ሳይሆን መቼ እንደሚያልቅ የማይታወቅ ስብሰባ ነው።

የመቀጫ ሣጥንም ነበረን። ሥነ ሥርዓት አስከባሪዋ ወጣት ሴት ስለነበረች አባቷ የሚሆኑትን ሰዎች ቅጣት መጠየቅ ከበዳት፤ ማንም ቢሆን ይከብደዋል። ከአባሎቻችን በዕድሜ ትልቁን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸውን ጡረተኛ መሐንዲስ፣ ሣጥኑን ይያዙልን ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸው በመጀመሪያው ቀን ራሳቸው ዘግይተው መጡ። ኪሳቸውን ዳብሰው ሃምሳ ብር ሣጥኑ ውስጥ ከከተቱ በኋላ «ከእድሬ ቀርቼ ተቀጥቼ አውቃለሁ፤ እዚህ ብቀጣ ምን ይለየኛል?» አሉና ዞረው ጠረጴዛውን ማዳረስ ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ የተከራከረ አልነበረም።

አሁን ወደ «ልዩ ልዩ» ልምጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን የመጨረሻ አጀንዳ ያውቀዋል። ዋናዎቹ ጉዳዮች በሰላም ካለፉ በኋላ፣ ሰው ቦርሳውን ሊያነሣ ሲል፣ የአምናው ቂም፣ የመኪና ማቆሚያው ጉዳይ፣ የጠፋው ባነር፣ የአንድ አባል የልጅ ሠርግ፣ ሁሉም እዚያ ይመጣል። እኔ ያቀረብኩት ሐሳብ ልዩ ልዩ ጉዳይ ያለው ሰው በዋዜማው እስከ ምሽት ድረስ በቴሌግራም ለጸሐፊው ያስታውቅ፣ ካልሆነም ለሥራ አስፈጻሚው ያቅርብ የሚል ነበር። ማጉረምረም ተነሣ። አንዱ «ታዲያ ሰው በአንደበቱ መናገር ተከለከለ?» አለ። በመጨረሻ አምስት ደቂቃ ተፈቀደ፤ ተናጋሪው ግን ቆሞ እንዲናገር ተወሰነ። ተቀምጦ የሚናገርና ቆሞ የሚናገር ሰው እኩል አይረዝምም።

ቃለ ጉባኤውንም ወደ አንድ ገጽ አሳጠርኩት። በፊት ማን ምን እንዳለ በዝርዝር ይጻፍ ነበር፤ ማንም አያነበውም። እኔ ሦስት ዓምድ አደረግሁት፦ የተወሰነው ነገር፣ የሚፈጽመው ሰው፣ የሚያልቅበት ቀን። «ጉዳዩ እንዲታሰብበት ተባለ» ዓይነት ውሳኔ መካከለኛው ዓምድ ላይ የሚጻፍ ስም ስለሌለው ራሱ ከወረቀቱ ላይ ይወድቃል። ኮሚቴ ይቋቋም የሚል ሐሳብ ሲነሣም ሰብሳቢው ማን ነው ብዬ እጠይቅ ነበር። በዚህ ምክንያት ሳይወለዱ የቀሩ ኮሚቴዎች ብዙ ናቸው፤ አንዳቸውም አልናፈቁኝም።

ክለቦች በየሳምንቱ መሰብሰብ ግዴታቸው መሆኑ የቀረው እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ደንብ ነው፤ አሁን በወር ሁለት ጊዜ ይበቃል። እኛ ዘንድ አንዳንዱ «ጥሩ፣ እንረፍ» አለ፤ ነባሮቹ ደግሞ ሳምንቱን ካልጠበቅን ክለቡ ይፈርሳል አሉ። የታረቅንበት መንገድ ሁለቱን ስብሰባ በአዳራሽ፣ አንዱን ሥራው በሚሠራበት ቦታ፣ አንዱን ደግሞ ቤተሰብ በሚገኝበት ሻይ ማድረግ ነው። የሆቴሉን ምሳም ተውነው። ወጣት አባላት የሚቀሩት ፍላጎት አጥተው ሳይሆን የምሳው ዋጋ ከብዷቸው እንደነበር የገባን ወደ ምሽት ሻይና ቆሎ ከተዛወርን በኋላ ነው። የሻዩ ወጪ ከአባላት መዋጮ ብቻ ይከፈላል፤ ለእርዳታ የተሰጠ ገንዘብ በሌላ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ገንዘብ ያዣችን የሁለቱንም ቀሪ በየወሩ ቆሞ ያነባል።

ከሥራዎቻችን ሁሉ ልቤ ያለው በደም ልገሳው ላይ ነው። የመረጥነው ገንዘብ ማሰባሰብ ስለማይጠይቅ ነበር። አልጋውን፣ ነርሶቹንና መመርመሪያውን ደም ባንኩ ይዞ ይመጣል፤ ከክለቡ የሚጠበቀው ቦታ፣ ድንኳን፣ ውኃና ለስላሳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ነው። ሰው ለማግኘት የቀን መቁጠሪያ ማንበብ ያስፈልጋል። ረቡዕና ዓርብ አይሆንም፤ የሚጾም ሰው ባዶ ሆዱን መጥቶ መስጠት የለበትም። ዐቢይ ጾምና ረመዳንም እንዲሁ። ዋናዎቹ ለጋሾች ተማሪዎች ስለሆኑ ክረምቱ ጭር ይላል፤ ደም የሚያስፈልጋቸው ወላዶችና አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች ግን ክረምት ነው ብለው አይጠብቁም። ይህን ሁሉ ስትሰርዝ የሚቀሩት ቀናት ጥቂት ናቸው፤ እነሱን ቀድሞ መያዝ ይገባል።

መጀመሪያ ላይ ሁላችንም የምንመኘው ረጅም ሰልፍ ነበር። ከደም ባንኩ የመጣችው ባለሙያ ግን በስብሰባችን ላይ ተጋብዛ ስትናገር ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ የሚቆየው 35 ቀን ያህል፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ደግሞ 5 ቀን ብቻ መሆኑን አስረዳችን። በአንድ ቀን ከሚጎርፍ ሕዝብ ይልቅ በየሦስት ወሩ የሚመለስ ለጋሽ ይሻላል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሥራችን ሰልፍ ማስረዘም መሆኑ ቀርቶ ሰውን ማስመለስ ሆነ።

ጋሼ ለመለገስ መጥተው ነበር። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ስለሆነ አልተፈቀደላቸውም፤ ፊታቸው ጠቆረ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሚዛን ላይ ወጥታ 45 ኪሎ ስላልሞላች ተመለሰች። ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸው። ልጅቱ የለጋሾችን ስልክ ትጠይቃለች፣ እሳቸው ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተራቸው ላይ በዚያ የመሐንዲስ እጅ ጽሑፋቸው ቁጥሩን ያሰፍራሉ። በጽሑፍ መልእክት ማስታወስ እንችል ነበር፤ ሞክረነዋልም፤ ሰው አንብቦ ያልፈዋል። ጋሼ ግን ሦስት ወሩ ሲደርስ በስልክ እየደወሉ «ልጄ፣ ጊዜሽ ደርሷል፤ ቅዳሜ ጠዋት ቁርስሽን በልተሽ ነይ» ይላሉ። እንዲህ ብለው የደወሉ ሽማግሌን እምቢ የሚል ሰው ማግኘት ይከብዳል። ልጅቱ በበኩሏ በሚቀጥለው ዙር የመኝታ ክፍል ጓደኞቿን ይዛ መጣች።

የፖሊዮ ክትባት ሲታወጅም ከጤና ሠራተኞች ጋር ቤት ለቤት ወጥተናል። ሮታሪ ይህን ሥራ የጀመረው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው፤ አፍሪካ በ2020 ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ቢረጋገጥም ከክትባቱ የሚመነጨው ዓይነት ብቅ ስለሚል ዘመቻው አልቀረም። ክትባቱ ሁለት ጠብታ ነው፤ ጊዜ የሚወስደው ቡናው ነው። በየቤቱ «አረፍ በሉ» ሲባል ሦስተኛውን ሳይጠጡ መነሣት ነውር የሚመስላቸው አባላትን ከተቻኳዮች ጋር ማጣመድ ተምረናል።

የማልወደው ሥራ ደግሞ የመስከረሙ የደብተር እደላ ነበር። ደብተሩ ጥሩ ነው፤ ሥርዓቱ ነው የሚያሳፍረው። ልጆች የክብር እንግዳ እስኪመጣ ፀሐይ ላይ ይሰለፋሉ፣ ባነር ይዘረጋል፣ እያንዳንዱ ልጅ ድህነቱን ይዞ ፎቶ ይነሣል። ደብተሩን ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ለወላጆች ኮሚቴ አስረክበን እንድንወጣ ሐሳብ አቀረብኩ። የምናሳየው ፎቶ አይኖረንም ያሉ ነበሩ። የኮሚቴው ፊርማ ያለበት የርክክብ ሰነድ አለን።

ተተኪዬን ከሚያዝያ ጀምሮ በሥራ አስፈጻሚው ስብሰባ ላይ እንድትገኝ አደረግሁ። ባለሦስት ዓምዱን ቃለ ጉባኤ ወደደችው፣ የደም ልገሳውን ቀናትም ከጾሙ ጋር አገናዝባ እሷው አወጣች። ልዩ ልዩን ግን ከአምስት ወደ አሥር ደቂቃ ከፍ እናድርገው አለች። ተከራከርኩ፤ በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩ። ተቃውሞዬ በቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል።